ኦኩፔሽናል ቴራፒን በማስተርስ መማር፦ ከሰሜን ሸዋ ልጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን በነርሲንግ፣ በጤና መኮንንነት፣ በሳይኮሎጂ ተመርቀው "ቀጥሎስ?" የሚሉ ልጆች ስለዚህ ሙያ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ስለሚመሳሰል መልሱን አንድ ቦታ ሰብስቤዋለሁ። ሁሉንም ማንበብ ግዴታ አይደለም፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ግን እባካችሁ አትዝለሉት።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ምንድን ነው የሚሰራው? ፊዚዮቴራፒስት አይደለም እንዴ?

አይደለም፤ ዘመዳሞች ናቸው። ፊዚዮቴራፒስት በአብዛኛው የሚነሳው ከእንቅስቃሴው ነው፦ ጡንቻው ይጠንክር፣ መገጣጠሚያው ይታጠፍ፣ ሕመሙ ይቀንስ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ደግሞ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ከሚሰራው ነገር ይነሳል። መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት መቀመጥ፣ ልጅ ማዘል፣ ማረስ፣ ትምህርት ቤት ውሎ መምጣት። "የቱ አቃተህ? የቱን መልሰህ መስራት ትፈልጋለህ?" ብሎ ይጀምራል።

የመሀል ሜዳ ገበሬ ሲያርስ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል። የእጁ ጅማት በማጭድ ተቆርጦ ተሰፋ እንበል። ቁስሉ ሽሯል፣ ሆስፒታሉም ሸኝቶታል። እርፉን ጨብጦ መጫን ካልቻለ ግን ለእሱ እጁ አልዳነም። እዚህ ላይ ነው ቴራፒስቱ የሚገባው። ጅማቱ እስኪጠና ጣቶቹን የሚደግፍ ስፕሊንት ይሰራል፣ ጭበጣውን ደረጃ በደረጃ ያለማምዳል፣ ጭበጣው ሙሉ ካልተመለሰም እርፉ ላይ ቆዳ ወይም ጨርቅ ጠቅልሎ ያወፍርለታል፤ ወፍራም ነገር ለደከመ እጅ ይቀላልና። ሰውየውን ማሻል አንድ መንገድ ነው፣ ዕቃውን ወይም ቦታውን ማስተካከል ሌላ መንገድ ነው፤ ሁለቱም የሙያው ናቸው።

ዲግሪዬ ነርሲንግ (ወይም ሳይኮሎጂ) ነው። በማስተርስ ብቻ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት መሆን እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን ነገሩ ወዲህ ነው። በዓለም ላይ "የኦኩፔሽናል ቴራፒ ማስተርስ" ተብለው የሚጠሩ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ትምህርቶች አሉ።

አንደኛው ወደ ሙያው የሚያስገባ ነው። ሌላ ዲግሪ ያለውን ሰው ተቀብሎ፣ ከዜሮ አስተምሮ፣ ሆስፒታልና ማኅበረሰብ ውስጥ አለማምዶ፣ ለፈቃድ ፈተና ወይም ለምዝገባ ብቁ አድርጎ ያወጣል። ሁለተኛው ድሮውኑ ቴራፒስት ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው። ጥናት፣ አመራር፣ ወይም አንድን ዘርፍ በጥልቀት ማወቅ ላይ ያተኩራል። ይህኛውን ነርስ ሆናችሁ ብትጨርሱት፣ ማለትም አንዳንድ ቦታ ቢያስገቧችሁ፣ ስትወጡም ነርስ ናችሁ፤ ማስተርስ ያላት ነርስ፣ በቃ። በኦኩፔሽናል ቴራፒስትነት ታካሚ እንድታክሙ የሚፈቅድ መዝጋቢ አካል የለም።

የሚያሳዝነው ሁለቱ በስም አይለዩም፤ ድረ ገጹም በግልጽ ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ ለማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ስትጽፉ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይሁን፦ "ይህን ትምህርት የጨረሰ ሰው በሀገራችሁ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ተብሎ መመዝገብ ይችላል?" አዎ ወይም አይደለም። ረጅም መልስ ከመጣ ጠርጥሩ። ትምህርቱ በዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን እውቅና እንዳለውም አያይዛችሁ ጠይቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የለም እንዴ? ለምን ውጭ ውጭ ትሉናላችሁ?

አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ሲሰራ ቆይቶ በሀገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል። የጎንደር መምህራን ኩዊንስ እየሄዱ ተምረው እየተመለሱ ነው የተጀመረው። ልብ በሉ፣ ይህ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እኛ ዘንድ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ብዙ የጤና ሙያዎች ይሰጣሉ፤ ይህን ፍለጋ የሚሄድ ልጅ ግን መንገዱ ወደ ጎንደር ነው።

የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፦ ገና 12ኛ ክፍል የጨረሰ እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ወደ ውጭ ከማንጋጠጥ በፊት ጎንደርን አሳዩት። ዲግሪ ይዛችሁ እንደገና ሀ ብላችሁ መጀመር ግን ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ለዚህ ነው የማስተርሱ ጥያቄ የሚበዛው።

ጎረቤት ሀገር ወይም ደቡብ አፍሪካ ቢሆንስ? ይረክሳል ይባላል።

ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ሙያውን ከእኛ ቀድመው ነው የጀመሩት። ኬንያ ብዙ ባለሙያ ያወጣችው በዲፕሎማ ነው፤ ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ኪሊማንጃሮ ስር ትምህርት ቤቱ አለ፤ ሩዋንዳም በዲግሪ ታስተምራለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወደ ሙያው የሚያስገባው የ4 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እዚያ "ማስተርስ" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ያልኩት ሁለተኛው ዓይነት ነው። ነርስ ሆናችሁ ኬፕታውን ማስተርስ ከማመልከታችሁ በፊት ይህን አስቡት።

አሜሪካ ማስተርስ ይበቃል ወይስ ዶክትሬት ግዴታ ሆኗል?

ማስተርስ ይበቃል። ወሬው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሙያው ትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጠው አካል ከ2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ ይሆናል ብሎ ነበር። ጭቅጭቅ ተነሳ፣ ውሳኔው ታገደ፣ በ2019 ሁለቱም በሮች ክፍት እንዲሆኑ ተደረገ። ስለዚህ በማስተርስ (ከ2 ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ) ወይም ሙያዊ ዶክትሬት በሚባለው (ወደ 3 ዓመት) መግባት ይቻላል። ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ብሔራዊ ፈተና ያስቀምጣሉ፤ ፈተናውን ካለፉ በኋላ ፈቃዱን የሚሰጠው የምትሰሩበት ግዛት ነው። ዶክትሬቱ 14 ሳምንት የሚፈጅ የማጠቃለያ ፕሮጀክት ይጨምራል። በሽተኛ ለማየት ለሚፈልግ ሰው የተጨማሪው ጊዜ ዋጋ ይከብዳል ባይ ነኝ።

ደመወዙን ሁሉም ይጠይቃል። የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በ2023 ያወጣው መካከለኛ ክፍያ በዓመት ከ96 ሺህ ዶላር ትንሽ በላይ ነው። ይህን ሰምታችሁ ከመብረራችሁ በፊት አንድ ነገር ልጨምር፦ በኢሚግሬሽን ሕጉ "ስኬጁል ኤ" በሚባለው የተፋጠነ ዝርዝር ውስጥ ነርስና ፊዚዮቴራፒስት አሉ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የለም። ዓላማችሁ ሥራ ይዞ አሜሪካ መግባት ብቻ ከሆነ፣ የያዛችሁት ነርሲንግ የቀረበ መንገድ ነው። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ እንጂ።

ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመንስ?

ካናዳ መግቢያው ማስተርስ ነው፤ ወደ 2 ዓመት ይፈጃል። እንግሊዝ በመጀመሪያ ዲግሪም፣ ሌላ ዲግሪ ላለው በ2 ዓመት ማስተርስም ይገባል። በፕሮግራሙ ስም ላይ ከምዝገባ በፊት የሚሰጥ መሆኑን የሚገልጽ ቃል መኖሩን እዩ። ከጨረሳችሁ በኋላ የጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤቱ ይመዘግባችኋል። ጀርመን ነገሩ ሌላ ነው፦ እዚያ በዋናነት የ3 ዓመት የሙያ ትምህርት ነው፣ በጀርመንኛ። አሁን ልጆቻችን ለአውስቢልዱንግ (ለጀርመን የሙያ ሥልጠና) ብለው ጀርመንኛ የሚያጠኑበት ጊዜ ስለሆነ፣ ማስተርስ ባይሆንም ከዝርዝራችሁ አትሰርዙት።

ምን ዓይነት ኮርስ ቀድሜ መውሰድ አለብኝ?

አሜሪካ አብዛኛው ትምህርት ቤት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ የዕድገት ሳይኮሎጂ፣ የአእምሮ ሕመም ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ ይፈልጋል። የጤና ተመራቂ ሳይኮሎጂው ይጎድለዋል፤ የሳይኮሎጂ ተመራቂ አናቶሚው። ትራንስክሪፕታችሁን ዘርግታችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። እኛ ሀገር ኮርሶች በብሎክ ተጠቃለው ስለሚሰጡ አናቶሚያችሁ በሌላ ስም ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ከትምህርት ክፍላችሁ የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝር ማኅተም ያለበት ወረቀት አስወጡ። ያንን ወረቀት ከተመረቃችሁ ዓመታት በኋላ ከመፈለግ አሁን መያዝ ይሻላል። እንግሊዝኛውን በተመለከተ አይኤልትስ በሚባለው የቋንቋ ፈተና 7 የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

ትምህርቱ ራሱ ምን ይመስላል? አናቶሚ ብቻ ነው?

አናቶሚ አለ፣ ነርቭ አለ፣ የጥናት ዘዴ አለ። የሙያው ልብ ግን አንድን ተራ ሥራ በትኖ ማየት ነው። ተማሪ ሆናችሁ የመጀመሪያው ወር ላይ ጥርስ መቦረሽን ወይም ሻይ ማፍላትን አስር ገጽ እንድትጽፉ ብትታዘዙ አትደነቁ።

የኛን ቤት እንውሰድ። እንጀራ መጋገር ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሥራ ነው። ስትበትኑት ግን እሳቱን ማየት፣ ምጣዱን በጎመን ዘር ማሰስ፣ የቦካውን ሊጥ መቅዳት፣ ከዳር ጀምሮ እያዞሩ ወደ መሀል ማፍሰስ፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን መድፋት፣ እንፋሎቱን አይቶ መክፈት፣ ዳሩን ማላቀቅ፣ ሰፌዱን ከስር አስገብቶ ማውጣት ነው። እያንዳንዷ የምትጠይቀው ነገር አለ፤ አንዷ ጉልበት፣ አንዷ ሚዛን፣ አንዷ ትዕግስት፣ አንዷ ጊዜን መገመት። ሊጡን ለማፍሰስ አንድ እጅ ይበቃል፤ አክንባሎው ግን ከባድ ነው፣ ሰፌዱም ሁለት እጅ ይፈልጋል።

አሁን በቀኝ በኩል ባለው አንጎሏ ስትሮክ የመታትን እናት አስቡ። ቀኝ እጇ ደህና ነው፣ ሊጡን ትቀዳለች፣ ታዞራለች። እንጀራው ሲወጣ ግን የግራ ጎኑ የለም። የምጣዱ ግራ ባዶውን ቀርቷል። ብትጠይቋት "ሞልቼዋለሁ" ትላችኋለች፣ ደግሞም አትዋሽም። ዓይኗም እጇም ደህና ሆኖ አንጎሏ ግራ ያለውን ሁሉ የሚተውበት ሁኔታ ከስትሮክ በኋላ ያጋጥማል፤ ክፍል ውስጥ በወረቀት ፈተና ከመፈተን ይልቅ ምጣድ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቤተሰቡ "ግድየለሽ ሆነች" እያለ ሲቆጣት ከርሞ ይሆናል። ቴራፒስቷ ማሰሻ ጨርቁን ሁልጊዜ በምጣዱ ግራ ዳር ታስቀምጥና መጀመሪያ እሱን ፈልጋ እንድታገኝ፣ ከዚያ እንድታፈስ ታለማምዳታለች። ግራ እጇ የማይሰማው ከሆነ እሳቱ አጠገብ የት እንደምታሳርፈው ቀድማ ታስባለች፣ ምጣዱ ከፍ ብሎ ተቀምጣ የምትጋግርበትን መላ ትፈልጋለች፣ አክንባሎውን ማን እንደሚያነሳላት ከልጆቿ ጋር ትነጋገራለች።

ይህ ነው ትምህርቱ። ፈረንጅ ሀገር በእንጀራ ፈንታ ሳንድዊች ይሆናል፤ አስተሳሰቡ ያው ነው።

አእምሮ ላይም ይሰራሉ እንዴ?

በደንብ! እንዲያውም ሙያው የተወለደው አንድ እግሩን የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ አድርጎ ነው። መሥራቾቹ እ.ኤ.አ. በማርች 1917 ኒውዮርክ ክሊፍተን ስፕሪንግስ ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ከመሀላቸው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ደንተንና ለአእምሮ ሕሙማን የቀን ውሎን በማደራጀት የታወቀችው ኤሊኖር ክላርክ ስላግል ነበሩ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ሲመጡ ደግሞ ሙያው በአካል ጉዳትም ሰፋ።

ከጸበል ወይም ከአማኑኤል ሆስፒታል ተሽሎት የተመለሰ፣ መድኃኒቱን የሚወስድ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ የሚቀመጥ ወጣት ያላየ የኛ አካባቢ ሰው የለም። ጆሮው ላይ ይሰማው የነበረው ድምፅ ጠፍቶለታል፣ ውሎ ግን የለውም። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይነሳም። እሱ ጋ ሥራው ማለዳ ተነስቶ መታጠብ፣ በጎቹን እስከ ጅረቱ ማውረድ፣ በገበያ ቀን አንድ ዕቃ ገዝቶ መመለስ እያለ ቀስ በቀስ ቀኑን መልሶ መገንባት ነው።

ልምምዱ ስንት ጊዜ ነው?

የዓለም የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ቢያንስ 1,000 ሰዓት ይላል። አሜሪካ ትልቁ ልምምድ ብቻ 24 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት የትርፍ ሰዓት ሥራ መሥራት አይታሰብም፤ ስለዚህ "ሄጄ እየሠራሁ እከፍላለሁ" የሚለው ሒሳብ እዚህ ላይ ውኃ አያነሳም። ቦታውንም ትምህርት ቤቱ ነው የሚመድባችሁ፣ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል።

ከማመልከቴ በፊት ባለሙያ ሲሠራ የታዘብኩበት ሰዓት ይጠየቃል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማንን ልከተል?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። በቅርብ የማግኘት ዕድላችሁ ጠባብ ነው። መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ጻፉና ሁኔታችሁን ንገሯቸው፤ ሁሉም ይህን አይጠይቅም፣ አንዳንዶቹም ተመሳሳይ ልምድ ይቀበላሉ። ከዚያ የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ የልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች እንደሚሰራው ቼሻየርና እንደ ጆይ ኦቲዝም ማዕከል ያሉ ቦታዎች በር አንኳኩ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አጎት ወይም አክስት ዘንድ እያረፋችሁ ጥቂት ቀን መዋል የማይቻል አይደለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን በደብተር መዝግቡ፣ አስፈርሙ።

ማመልከቻ ጽሑፋችሁም ከዚያ ደብተር ይውጣ። "ሰው መርዳት እወዳለሁ" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው። የሞላሌ ቁልቁለት ላይ በክራንች የሚሄድ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ምን እንደሚያደርግ፣ ዳሌዋ የተሰበረ አሮጊት ጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ እንዴት እንደምትቀመጥ ካያችሁ እሱን ጻፉ። ይህን የሚያውቅ አመልካች ቶሮንቶ ውስጥ የለም።

ገንዘቡስ?

ብዙ ነው፤ አሜሪካ በአስር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ስኮላርሺፕ ፍለጋ ስትገቡ ይህን አስታውሱ፦ ትልልቅ የሚባሉት ሁሉ ለዚህ ሙያ አይሆኑም። ለምሳሌ የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቪኒንግ የሚከፍለው ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ የእንግሊዝ መግቢያ ማስተርስ ደግሞ 2 ዓመት ነው፤ አይገጥሙም። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሶች ፕሮግራም በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች አለ፤ በየዓመቱ ማን ምን እንደሚቀበል ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። "ቦታ ይዤላችኋለሁ፣ መጀመሪያ ክፈሉ" ለሚል ደላላ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! የምር የሚሰጥ ስኮላርሺፕ በቴሌግራም ቻናል አስተዳዳሪ የባንክ ሒሳብ አያልፍም።

እኔ ራሴ አካል ጉዳተኛ ነኝ። ይቀበሉኛል?

አዎ፣ ዓለም ላይ አካል ጉዳተኛ የሆኑ ቴራፒስቶች ብዙ ናቸው። የጎንደሩ የማስተርካርድ ፕሮግራምም ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ልዩ ትኩረት ይሰጣል። ስታመለክቱ የሚያስፈልጋችሁን ማመቻቸት ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አትሸማቀቁ።

እናቴ "ዶክተር ትሆናለህ ማለት ነው?" ትለኛለች። ምን ልበላት?

"አይ እማዬ፣ የአያቴን እጅ ምን እንደነካው አይቼ ቡናዋን ራሷ እንድትጠጣ የማደርግ ባለሙያ ነኝ" በሏት። ይገባታል። ዘመድ ጋ ሄዳ ዶክተር ብላ ብታወራ አትከላከሏት፣ አትችሉም።

ተምሬ ብመለስ ሥራ አገኛለሁ?

ፍላጎቱ ሞልቷል። ስትሮክ አለ፣ የመኪና አደጋ አለ፣ ጣርማ በርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት በአካባቢያችን ያጎደለው እጅና እግር አለ። ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበትን ልጅ ከአንቀልባ ማውረድ አቅቷት አብራው የምትውል እናት በየቀበሌው አለች። ፍላጎት ግን የሥራ መደብ ማለት አይደለም። የመንግሥት ሆስፒታል መደብ ገና ጠባብ ነው፤ ቀድሞ የሚቀጥረው የኦቲዝም ማዕከል፣ የግል ክሊኒክና ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው፣ እሱም በአብዛኛው አዲስ አበባ። ደብረ ብርሃን ተመልሶ መሥራት የሚፈልግ ሰው መደቡን ራሱ እያስከፈተ፣ ሐኪሞቹን "በሽተኛ ላኩልኝ" እያለ መጀመሩን አምኖ ይምጣ።

የውጭ ዲግሪዬ እዚህ ይሠራልኛል?

መጀመሪያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ይሰጣችኋል፣ ከዚያ የጤና ባለሙያ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ። ስትመለሱ ዲፕሎማውን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። የልምምድ ሰዓታችሁን የሚዘረዝር ደብዳቤ፣ የኮርሶቹን ይዘት፣ የዚያን ሀገር ምዝገባ ማስረጃ አረጋግጣችሁ አብራችሁ ያዙ፤ ከዚህ ሆናችሁ በኢሜይል የምትለምኑት ሬጅስትራር ቶሎ አይመልስላችሁም።